የአያት ስም ሲቆጠር ማን ይቀራል?

በአገራችን ገጠር፣ በደጋውም ሆነ በቆላው፣ እንግዳ ሰው ወደ መንደር ሲገባ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። ሥራው፣ ትምህርቱና ሀብቱ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጡ ናቸው። የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ሲጠራ ከሚሰሙት ሽማግሌዎች አንዱ ከመካከል ያቋርጠውና «እንግዲያውስ ከእገሌ ላይ እንገናኛለን» ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ እንግድነቱ ይቀራል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ሰው ራሱን በራሱ ያስገኘ አለመሆኑን፣ ከእርሱ በፊት የኖሩ፣ ያረሱ፣ የጸለዩና የተቀበሩ ሰዎች ውለታ ያለበት መሆኑን ያስተምረዋል። እናትና አባትን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝም በሁለቱ ወላጆች ላይ ብቻ አያበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2199 ትእዛዙ ለአያቶችና ለቅድመ አያቶች የሚገባውን ክብርና ምስጋና ጭምር እንደሚያካትት ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ቆጠራ ሁሉ ምርጫ አለበት። ማንኛውም ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እያለ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ 128 ይሆናሉ፤ ከወላጆቹ ጀምሮ ሁሉም ሲደመሩ 254 ናቸው። ሰባት ስም በኩራት ጠርቶ «ዘሬ ይህ ነው» የሚል ሰው እንግዲህ ከ254 ሰዎች መካከል ሰባቱን ጠርቶ 247ቱን በዝምታ አልፏል። ሁሉንም መጥራት አይቻልምና በዚህ አይወቀስም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይኸውም ያልጠራናቸውን ያልጠራናቸው ረስተናቸው ነው ወይስ አፍረንባቸው? ሁለቱ በሥነ ምግባር ሚዛን እኩል አይደሉም።

አባቶቻችን ትውልድ የሚቆጥሩት ለጨዋታ አልነበረም። አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። በብዙ አካባቢ ሁለት ቤተ ሰቦች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንዥላት እያሉ፣ ስያሜውና ቅደም ተከተሉ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ደም የሚገናኝበትን ሥፍራ ይፈልጋሉ። (ይህ «ሰባት ቤት» ከሰባት ቤት ጉራጌ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ መሆኑን ለከተማ ልጆች ማሳሰብ ሳያስፈልግ አይቀርም።) እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 808 ወደ ጎን ባለው ዝምድና ጋብቻን የሚከለክለው እስከ አራተኛው ደረጃ፣ ማለት እስከ አጎትና አክስት ልጆች ድረስ ነው፤ የአገራችን ልማድ ከዚያ እጅግ የጠበቀ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነበር። በጎጃም፣ በበጌምድር፣ በብዙው የትግራይ ክፍልና በሌሎችም አካባቢዎች የርስት መብት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። በአማራው አገር ተወላጅነቱ በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይቆጠር ስለ ነበር፣ አንድ ገበሬ በብዙ አቅኚ አባቶች ስም በብዙ ሥፍራ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። ርስት በእናት በኩል በሚመጣበት አገር የእናት ስም አይረሳም፤ ሐረግ በወንድ ብቻ በሚወርድበት አገር ግን የሴት አያቶች ስም በሁለት ትውልድ ውስጥ ይጠፋል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በጎጃም ካደረገው ጥናት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ለርስት ክርክር የትውልድ ሐረግ ማወቅ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ተሰሚነትና ደጋፊ ያለው ሰው ሐረጉ ይሰማለታል፣ ደካማው ግን እውነቱን ይዞ እንኳ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ ይህ ዐይነቱ ክርክር መሠረቱን አጣ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ብዙ ሰው ከአያቱ በላይ መቁጠር ይቸግረዋል፤ ሽማግሌዎችም ይህን የወጣቱ ስንፍና ያደርጉታል። በእኔ አስተያየት ግን ስንፍና ብቻ አይደለም። ቆጠራው ያስገኝ የነበረው ጥቅም ሲቀር ቆጠራው ራሱ ደከመ። ካከበርናቸው አባቶች መካከል ስንቱን ስለ ራሱ፣ ስንቱን ደግሞ ስለ ማሳው እናከብረው እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሐረግ ለመሬት ሲባል በሚቆጠርበት ሥፍራ መሬት አይገባቸውም የተባሉ ሰዎች ከሐረጉ ይወጣሉ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራይቱ፣ ገበሬው ያለ እነርሱ አንድ ክረምት ማለፍ የማይችል ሲሆን፣ በብዙ አካባቢ ከርስት የተገለሉ፣ በጋብቻም የማይፈለጉ ነበሩ። በባርነት የተያዙትማ ስማቸው እንኳ የራሳቸው አልነበረም፤ ጌታቸው እንዳሻው ይሰይማቸው ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በተከታዩ ዓመት በባርነት ያሉትን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። በየቤቱ የነበሩት ሰዎች ግን በዐዋጁ ማግሥት እንደ ጉም አልተነኑም። ከፊሎቹ እዚያው መንደር ቀሩ፤ ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ተጠመቁ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከእኛ ጋር ቅዱስ ቁርባን ይቀበላሉ። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲቀመጡ ግን እርስ በርስ ተያይተው ዝም የሚሉበት ስም አለ።

ልጅ ሳይወልዱ ያለፉትም ከቆጠራው ይቀራሉ። ሐረግ ከልጅ ወደ አባት የሚወጣ መሰላል ነውና ያልወለደ ሰው እርከን አይሆንም። በጎጃም የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ እምነቱ በሰንሰለት እንደ ታሰረ ያረፈው፣ በ1926ም ብፁዕ የተባለው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በማንም ሰባት ቤት ውስጥ አይገኝም። እኛ ካቶሊካውያን ግን «አባታችን» ስንለው ለማሽሞንሞን አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ወረዳ ልውሰዳችሁ። ከዓዲግራት ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ኤርትራ ድንበር በሚያዘነብለው ተራራማ አገር፣ ቋንቋው ሳሆ የሆነው የኢሮብ ሕዝብ ይኖራል። አብዛኛው ካቶሊክ ነው። የእምነቱ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን ከመጣውና ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ብሎ ከሚጠራው ከቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ሐዋርያዊ ሥራ ይጀምራል፤ ዓሊቴናም ከአገራችን ካቶሊካውያን ጥንታዊ ሥፍራዎች አንዷ ናት። የኢሮብ ሽማግሌዎች ትውልዳቸውን በቃል አጥንተው የሚቆጥሩ ናቸው፤ ቆጠራው ሲወጣ ሲወጣ ቀደምት አባቶቻቸው ከክልተ አውላዕሎ በኩል፣ ከጽራዕ ወደዚህ ተራራ የመጡ መሆናቸውን ይናገራል። ኢሮብ የሚለው ስም ራሱ በሳሆ ወደ ቤት ግቡ ከሚል የአቀባበል ቃል የመጣ ነው ተብሎ ይተረካል። ትረካው በታሪክ ምርመራ ምን ያህል እንደሚጸና መከራከር የሊቃውንት ፈንታ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሕዝቡ የወደደው ትረካ ይህ መሆኑ ነው፤ «ከጥንት ጀምሮ የነበርን እኛ ብቻ ነን» ከማለት ይልቅ «መጥተን ግቡ ተባልን» የሚል ታሪክ ለልጆቹ ማስተማሩ ነው። ሌላውም ሕዝብ ሐረጉን አጥብቆ ቢከተል ከአንድ ሥፍራ በኋላ የሚያገኘው መንገደኛ አባት ይመስለኛል። የዘር ቆጠራ በዘመናችን ጎረቤትን ለማባረር ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ስንሰማ ይህን ማስታወስ ይበጃል።

ቅዱስ ማቴዎስም ወንጌሉን የሚጀምረው በትውልድ መዝገብ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ዘለው ያልፉታል፤ ስሞቹ ለሕፃናት ያስቸግራሉ በማለት። ነገር ግን ለጉዳያችን ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ወንጌላዊው ሦስት ጊዜ አሥራ አራት ትውልድ ለማድረግ ከኢዮራም ቀጥሎ የነገሡትን አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን አልፎ ወደ ዖዝያን ይሻገራል። እንግዲህ እርሱም ስም ትቷል። የተዋቸው ግን ነገሥታት ናቸው። ማንም ቤተ ሰብ ደስ ብሎት የሚተዋቸውን ሴቶች አልተወም፤ ከአማቷ የፀነሰችውን ትዕማርን፣ የኢያሪኮዋን ጋለሞታ ራኬብን፣ ሞዓባዊቷን ሩትን በስማቸው ይጠራል። አራተኛይቱን በገዛ ስሟ አልጠራትም፤ በተገደለባት ባሏ በኦርዮ ስም ነው የጠራት፤ የዳዊት በደል በልጁ የልደት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይኖር ዘንድ። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ሐረግ የሚደርሰው ወደ ዮሴፍ ነው፤ ዮሴፍ ደግሞ ለጌታችን በሥጋ አባቱ አይደለም። ያ ረጅም የስም ሰንሰለት ከክርስቶስ ጋር የሚያያዝበት የመጨረሻው ቀለበት የአሳዳጊነት እንጂ የደም አይደለም። የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ፣ ጉዲፈቻ የሚሉ ቃላት ያሉት አገር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያንም በክርስትና አባትና በክርስትና ልጅ መካከል ያለውን ዝምድና እውነተኛ ዝምድና አድርጋ ስለምትቆጥረው በምሥራቃውያን ሕገ ቀኖና ቁጥር 811 የጋብቻ እንቅፋት አድርጋዋለች።

ከዚህ በኋላ ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንምጣ። አንድ ካቴኪስት የቁምስናውን ታሪክ ለኢዮቤልዩ በዓል እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል። ሽማግሌዎችን እየዞረ ይጠይቃል። አንዲት አሮጊት፣ በሩን ካዘጉት በኋላ፣ ከመንደሩ የተከበረው ቤተ ሰብ ቅድመ አያት በገበያ ተገዝታ የመጣች ሴት እንደ ነበረች ይነግሩታል፤ ስሟንም ያውቃሉ። «ልጄ፣ ይህን እንዳትጽፍ» ይሉታል። በዚያው ወራት የቤተ ሰቡ ልጅ ለሌላ ቤት ታጭታለች። ምን ያድርግ?

ብዙዎቻችን «ዝም ይበል፤ ሐሜት ይሆንበታል» እንላለን። ሐሜት ምን እንደ ሆነ ግን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2477 ለይቶ አስቀምጦታል። ስም ማጥፋት በሐሰት ነው፤ ሐሜት ደግሞ የሰውን እውነተኛ ጥፋትና ጉድለት፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር፣ ለማያውቁት መግለጥ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሐሜት የሚሆነው ጥፋትን መግለጥ ነው። በባርነት መሸጥ የማን ጥፋት ነው? የተሸጠችው ሴት ምን በደለች? እርስዋ ተገዝታ እንደ መጣች መናገር ሐሜት ነው ባልን ቁጥር ባርነቷን የእርስዋ ነውር አድርገነዋል፤ የገዛት ሰው ፍርድ በእኛ ዘመን በእኛ አፍ ጸንቷል ማለት ነው። ነውሩ የገዛውና የሸጠው ነው። ይህም ቢሆን በደግነት የሚታወስ አባት ከሆነ፣ ሙታንም መልካም ስም የማግኘት መብት አላቸውና፣ ያለ በቂ ምክንያት መዘርገፍ አይገባም። በእኔ እምነት ግን የተበደለችው ሴት መታሰብ በቂ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ካቴኪስቱ ሁሉን በጋዜጣ እንደሚወጣ ዜና ይጻፈው ማለት አይደለም። ነውር ባይሆንም ሰሚው እንደ ነውር ይሰማዋል፤ የሚጎዱትም በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። ቁጥር 2489 እውነትን ለማወቅ መብት ለሌለው ሰው ምስጢርን መግለጥ ማንም እንደማይገደድ ያስተምራል። የዚያች ልጅ እጮኛ ቤተ ሰብ የዚህ መብት አለውን? የሥጋ ዝምድና ካለ ማወቅ መብታቸው ነው፤ ሕጉም ለዚሁ ነው። የእጮኛይቱ ቅድመ አያት በገበያ ተገዝታ የመጣች መሆኗ ግን ጋብቻውን በምንም አይነካም። (እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የላቲን ሕገ ቀኖና ነጻ ነው ብሎ ያገባው ሰው በባርነት ያለ ሆኖ ቢገኝ ጋብቻው ይፈርሳል የሚል ቃል ነበረው፤ ያም የራሱን የተጋቢውን ሁኔታ እንጂ የአያቱን የሚመለከት አልነበረም፤ የ1983ቱ ሕግ ደግሞ ቃሉን አልደገመውም።) ስለዚህ ሽማግሌዎች ለእርቅና ለዝምድና ምርመራ ተቀምጠው የሴት ልጅን ዘር በሹክሹክታ ሲመዝኑ፣ የጥንቱን ልማድ እየጠበቁ ሳይሆን የማይገባቸውን ዳኝነት እየያዙ ናቸው። ካቴኪስቱም ለዚህ ሹክሹክታ ማስረጃ መስጠት የለበትም።

ታዲያ እውነቱ የማን ነው? እኔ እንደማስበው አስቀድሞ የተወላጆቿ ነው። ካቴኪስቱ ወደ ቤተ ሰቡ ሽማግሌ ሄዶ በጨዋ ቃል «እማማ እገሊት ስለ ቅድመ አያታችሁ ይህን ነግረውኛል፤ ስሟን በቁምስናው ታሪክ ውስጥ ባስገባው ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሊቆጡ ይችላሉ። ሊያለቅሱም ይችላሉ፤ እንዲህ ያለውን ስም ሲፈሩት የኖሩ ሰዎች በክብር ሲጠራ ቢሰሙ ምን እንደሚሰማቸው ማን ያውቃል? እምቢ ቢሉ ስሟንና የቤቱን ስም ለይቶ፣ በመንደሩ በባርነት ኖረው፣ ተጠምቀው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ የተቀበሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይጻፍ። የማይጻፈው ሐሰት ነው፤ ማለት «በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚለው ዓረፍተ ነገር።

በሌላው ወገን ደግሞ የበዳዮቹ ተወላጆች አሉ። ልጅ የአባቱን ኀጢአት እንደማይሸከም ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ ከማንም ይልቅ አጥብቆ ተናግሯል። የቅድመ አያቱን በደል በንስሐ አባቱ ፊት መናዘዝ የሚገባው ሰው የለም። ነገር ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ስለ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ያለፈ በደል ይቅርታ በለመኑ ጊዜ፣ በዚያው ወራት የወጣው የዓለም አቀፍ የነገረ መለኮት ኮሚሲዮን ሰነድም እንዳብራራው፣ ጥፋት የግል ሲሆን የጥፋት መታሰቢያና ያስከተለው ውጤት ግን በተከታዩ ትውልድ ላይ ይቆያል። በቀላል ምሳሌ፤ አያቴ በሐሰት ምስክር የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ቢሆን ኀጢአቱ የእርሱ ነው፤ በዚያ ማሳ ላይ ተቀምጬ የጎረቤቱን የልጅ ልጅ «መጤ» ብዬ የምሰድብ ከሆነ ግን ይህኛው የእኔ ነው።

ለዚህ ሁሉ ቁምስናዎቻችን አንድ ሀብት አላቸው፤ የጥምቀት መዝገብ። የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ቆሞሳት የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ካዘዘ ወዲህ የካቶሊክ ቁምስና ያለ መዝገብ አይታሰብም፤ የዛሬው የምሥራቃውያን ሕግም በቁጥር 296 የተጠማቂዎች፣ የተጋቢዎችና የሙታን መዝገብ እንዲኖር ያዝዛል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙ የገጠር ካቶሊክ በዓለም ላይ ስሙ የተጻፈበት ብቸኛው ወረቀት ይህ መዝገብ ነበር። በውስጡ የባለ ርስቱ ልጅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ዐይነት ቀለም፣ በተጠመቁበት ቀን ቅደም ተከተል ይገኛሉ። ሕጉ እንዴት እንደሚጠነቀቅም እዩ፤ እናቱ ሳታገባ የወለደችው ሕፃን ሲጠመቅ የእናቱ ስም የሚጻፈው እናትነቷ በይፋ የታወቀ ከሆነ ወይም በፈቃዷ ከጠየቀች ነው። እውነትም አይጠፋም፣ ሰውም አይዋረድም። ለካቴኪስቱ ከላይ የመከርሁት መንገድ ከዚህ የተለየ አይደለም።

መዝገቡ ግን ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ሰው ሲሰደድም ይበተናል። በኢሮብና በአካባቢው ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱ አገሮች መካከል የተካሄደው ጦርነት፣ ኋላም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ የነበረው ጦርነት ሕዝቡን ከቤቱ አፈናቅሏል፤ በቃል ትውልድ የሚቆጥሩ አረጋውያንም በእነዚህ ዓመታት እንደ ሌላው አልፈዋል። ከእርሳቸው በኋላ የሚጠየቅ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁምስና ያሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከመጪው የጾም ወራት በፊት ቢያንስ ሦስት አረጋውያንን፣ ከእነርሱም አንዲቱን ሴት መርጠው፣ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ያየውን ከሰማው ለይተው በደብተር ቢጽፉ መልካም ነው። ወንዶችን ብቻ የጠየቀ ሰው ማሳውን ያገኛል፤ ማን ማንን እንዳሳደገ፣ ማን ከየት እንደ መጣች፣ የትኛው ሕፃን በማን ጡት እንዳደገ የሚያውቁት አሮጊቶቹ ናቸው። ደብተሩ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በቁምስናው ከጥምቀት መዝገቡ ጋር፣ ሁለተኛው በሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት ይቀመጥ።